ለስሙ የተሰቀለ ፋን

ኧረ በቃኝ! የኮንዶሚኒየማችን ሽንት ቤት መስኮት የለውም፤ ያለው ኮርኒሱ ላይ የተገጠመ ፋን ብቻ ነው። ሲበራ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አይልም። ትናንት ሶፍት ቀድጄ አፉ ላይ ጠጋ አደረግኩት። ደህና የሚስብ ፋን ሶፍቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ የኛው ለቀቀውና ወለሉ ላይ ወደቀ። ወንበር ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን ብከፍት ቱቦ የሚባል ነገር የለም! ሽታውን ስቦ እዚያው ኮርኒስ ውስጥ ይተፋዋል፣ ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ይወርዳል። እስከ ሻፍቱ፣ ማለትም አየር ወደ ውጭ እስከሚወጣበት የሕንፃው ክፍተት ድረስ፣ አንድ ሜትር ቱቦ መዘርጋት ምን ከበዳቸው? እናቴ አስም አለባት፤ እንደ ሰው ዕጣን አጭሰን እንኳ ማለፍ አንችልም።

በሩም ወለሉን ነክቶ ስለሚዘጋ ከሥር አየር አያስገባም፤ ፋኑ ታዲያ ከየት ይሳብ? ውሃ በጠፋ ሰሞን ደግሞ የወለሉ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የፍሳሽ መውረጃ) ይደርቅና ከፍሳሽ መስመሩ ሽቅብ ይሸታል፤ እሱን እንኳ አንድ ጆግ ውሃ እየደፋሁበት አስታግሰዋለሁ።

ለገጠመው ሰውዬ ብደውል «ይሠራል እኮ!» አለኝ። መዞሩንማ ማን ካደ? ሽታውን ከቤቴ አውጣልኝ ነው ያልኩት!