ካርታ ላይ የለም ብሎ ነገር

ሰሞኑን እዚህ ሐረር በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነሡና በሐኪም ጋራና ወደ ኤረር ሸለቆ በሚወርደው በኩል ያሉትን "ሕገወጥ የእግር መንገዶች" በሽቦ እናጥራለን አሉ። ጎብኚውም ነዋሪውም በተሠራው መንገድ ብቻ ይሂድ ነው ነገሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ "ካርታ ላይ የሌለ መንገድ፣ መንገድ አይባልም" ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበላቸውም። ኧረ ተዉን አቦ!

እስቲ ካርታውን እናምጣ። የሐረሩ ገዢ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋን ግንብ፣ ጀጎልን፣ ሲያሠሩ የትኛውን ካርታ ነበር ያዩት? ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱን ሸዋ በር የምንለው ወደ ሸዋ ስለሚያወጣ ነው። ኤረር በር ወደ ኤረር ይወርዳል። ሐረሪዎቹ ይህንኑ በር አርጎብ በሪ ይሉታል፤ ወደ አርጎባዎቹ ያደርሳላ። በሩ ስሙን ያገኘው እግር ከሚሄድበት አገር ነው። መጀመሪያ ሰውና አህያ ሄዱ፣ ከዚያ መንገድ ሆነ፣ ከዚያ በር ተከፈተለት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ሲገባ የቅፍለት መንገድ ተከትሎ እንጂ የፈቃድ ወረቀት የተለጠፈበት አስፋልት አግኝቶ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲመጣ ደግሞ ተራራችን ከበደውና እታች ድሬዳዋ ቀረ። አህያዋ ግን ጭነቷን ይዛ መውጣቷን ቀጠለች። ያንን ሁሉ ያገናኘውን መንገድ ነው እንግዲህ ዛሬ "የለም" የሚሉን።

ደግሞ የእግር መንገድ እንዲሁ የተጣለ መስመር አይደለም። ከኤረር በር ወጥታችሁ ጥቂት ሂዱና እዩት። ቁልቁለቱ ሲበዛ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ የተሸከመ ሰው ጉልበት ያዘዘው ነው። ማሽላው ጋ ሲደርስ ድንበሩን ይዞ ይዞራል፤ ገበሬው አንድ ቀን ጮሆ ይሆናል። ቁልቋሉን ተጠግቶ የሚያልፈው ለጥላው ነው። እንጨት ተሸክማ የምትመጣ እናት የምታርፍበት ድንጋይ እንኳ ቦታው የታወቀ ነው፤ ሸክሙን ሳታጎነብስ የምታሳርፍበት ቁመት አለው። ይህንን የትኛው መሐንዲስ ነው የሚነድፈው? ባለፈው እሑድ እኔው ራሴ መንታ መንገድ ላይ ግራ ገብቶኝ ቆሜ፣ አንዲት ወተት የያዙ እናት ሳልጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ በላይኛው ሂድ፣ የታችኛው ጭቃ ነው" ብለውኝ አለፉ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ያንን አልነገረኝም። እንዲያውም በካርታው መሠረት የቆምኩት ባዶ መሬት ላይ ነበር።

አፈር ይሸረሸራል የሚልም አልጠፋም። አፈሩን ያጠበው ከአስፋልቱ ቦይ ተጠራቅሞ ማሳ ላይ የሚለቀቀው ጎርፍ ነው ወይስ የአሮጊት ጫማ? ክረምት ሲገባ ወጥታችሁ ፍረዱ። "ለከተማዋ ገጽታ አይመጥንም" የሚለውን ማ እንደጀመረው አላውቅም፤ መልስም አልሰጠው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። እንግዳ አስከትሎ የሰው ማሳ ረግጦ ማለፍ፣ ያውም ጫት በሚለቀምበት ሰዓት፣ ነውር ነው። ለዚያ ግን ሽቦ አያስፈልግም፤ ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ይበቃል። ሽቦው የሚይዘው ባለ ካሜራውን ቱሪስት አይደለም፤ እሱ ባጃጅ ይዞ ይዞራል። የሚይዘው ወተቷን፣ እንጨቷን፣ አትክልቷን ይዛ ጠዋት ገበያ የምትደርሰውን ሴት ነው። ለዝያራ፣ የአው ሐኪምን መቃብር ሊጎበኝ፣ ወደ ጋራው በእግሩ የሚወጣውንም ጭምር።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሲሆን ከግንቡ ጋር እነዚያ ከሥሩ ያሉት የጅብ ቀዳዳዎችም አብረው ተመዝግበዋል ብዬ ነው የማስበው። አስቡት እስቲ። ጠላት እንዳይገባ ግንብ ያጠረ ከተማ ለጅብ ማለፊያ ትቷል። ጅቡም ማታ ይገባል፣ ጎዳናውን ያጸዳል፣ ሳይነጋ ይወጣል። ካርታ የጠየቀው የለም። የእኛ ኃላፊ ግን በጠራራ ፀሐይ ለሰው መውጫ ሊነፍጉ ሽቦ ያስለካሉ።

እኔ የፊታችን እሑድ ጠዋት ወደዚያው ነኝ። ሽቦው ተዘርግቶ ከጠበቀኝም ከሥሩ እሾልካለሁ፣ እንደ ጅቡ።