የፈላ ውሃ አምጡ!

ጥሬ ሥጋ በሚቆረጥበት ድግስ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ነጭ ነጠላ ላይ ጠብ ትበል እንጂ አማካሪው ከየጥጉ ይነሳል። «ቶሎ የፈላ ውሃ አምጡ!» ትላለች አንዷ። «በረኪና ጨምሩበት!» ይላል ካልሲውን እንኳ አጥቦ የማያውቅ አጎት። ትልቅ ሰው ተናግሮ እምቢ አይባልም፤ ነጠላው ይነከራል። ከዚያ ወዲያ ቡናማዋን ነጥብ ይዞ መኖር ነው።

የደም ቅላት ከሄሞግሎቢን ነው፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ ፕሮቲን፣ ማለትም ተጣጥፎ የተጠቀለለ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት። በቀዝቃዛ ውሃ እንደተጣጠፈ ሟሙቶ ይሄዳል። የፈላ ውሃ ሲያገኘው ግን እጥፋቱ ይፈታል፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ከጥጡ ክር ላይ ይረጋሉ። የእንቁላል ነጭ 60 ዲግሪን አለፍ ሲል መርጋት የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንቁላል ከተነሳ ዘንድ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚለው ተረት የምወደው የለም። ዶሮዋ 38 ዲግሪ ግድም አድርጋ 21 ቀን ትታቀፈዋለች። ቶሎ ይሂድልኝ ብሎ ድስት ውስጥ የጨመረው ያገኘው ቁርስ ነው።

የሚያናድደው፣ ያቺው «የፈላ ውሃ» ባይ ጠላ ስትጠምቅ ሌላ ሰው መሆኗ ነው። እንኩሮውን እስኪጠቁር ታምሰዋለች፤ ብቅሉን ግን ምጣድ ይንካው ቢሏት ትጣላለች። ገብሱን ነክራ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና አብቅላ፣ በፀሐይ አድርቃ ታስፈጫለች። እንኩሮውም ሳይበርድ ከብቅሉ ጋር አይገናኝም። ልክ ናት! ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርገው ብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራ ሠሪ ፕሮቲን ነው፤ 80 ዲግሪ ላይ ብዙ አይቆይም። እሱ ከጠፋ እርሾው የሚበላው ስኳር ያጣል፣ ከጋኑ የሚቀዳውም ጥቁር ውሃ ይሆናል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የልብስ ሳፋው ጋ ሲደርስ ምን ነካው?

የዱቄት ሳሙናው ፓኬት ላይ «ኢንዛይም» ከተጻፈ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቴዝ አለ። ይህም ራሱ ፕሮቲን ነው፤ እጥፋቱ መካከል ጎድጎድ ያለች ቦታ አለችው። የደሙ ፕሮቲን እዚያ ይገባል፣ ይቆረጣል፣ ይወጣል፤ ፕሮቴዙ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ትንሽ የሚበቃውም ለዚህ ነው። የፈላ ውሃ ሲፈስበት እጥፋቱ ተፈትቶ ጎድጓዳዋ ትጠፋለች፤ በረኪናም ያበላሸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፤ ከዚያ 40 ዲግሪ አካባቢ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ ማጠብ። ጥለቱ ሐር ከሆነ ግን ይህ ሳሙና አይነካው፤ ሐርም ፕሮቲን ነውና ይበላዋል።

ይህን ለአጎት ማስረዳት ግን ከንቱ ድካም ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ሰምነር በ1926 እ.ኤ.አ. ዩሪዬዝ የተባለውን ኢንዛይም በክሪስታል አውጥቶ «ኢንዛይም ፕሮቲን ነው» ቢል፣ ኖቤል ተሸላሚው ሪቻርድ ቪልሽቴተርና ወገኖቹ አይደለም ብለው ድርቅ አሉ። ሰምነር የራሱን ኖቤል ያገኘው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ ዓመት! ኖቤል ያለው እንዲህ ካደረገ፣ ጭልፋ የያዘ ምን ያድርግ?

ለካ ነጠላው ላይ የሚንጠባጠበውን ወጥ ረስተነዋል። የበርበሬው ቅላት ፕሮቲን ስላልሆነ ፕሮቴዝ ምንም አያደርገውም፤ ዘይት ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ነው። በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ቅባቱን አስለቅቆ፣ አጥቦ፣ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት።