ማስተካከያ፦ የመኪና ሂተር በ4 ብቻ ሲነፍስ

ከዚህ በፊት «የሂተሩ ማራገቢያ በ1፣ በ2 እና በ3 አልነፍስ ብሎ በ4 ብቻ ከሠራ፣ ሪዚስተሩ (የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቀንሰው ዕቃ) ላይ የተቃጠለችውን ፊውዝ በሽቦ አገናኙ» የሚል ምክር ወጥቶ ነበር። ምክሩ ስህተት ነው። በሽቦ እንዳታገናኙ።

ጥፋቱ ሪዚስተሩ ላይ ነው የሚለው ጥርጣሬ እንኳ ልክ ነው። በብዙ መኪኖች 4 ላይ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ ማራገቢያው ሞተር ይሄዳል። በዝቅተኞቹ ፍጥነቶች ግን በሪዚስተሩ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ማዞሪያውን ከመቀየራችሁ በፊት ሪዚስተሩን እዩ።

ጣጣው መፍትሔው ላይ ነው። ሪዚስተሩ ሲሠራ በጣም ይግላል። የሚያቀዘቅዘውም ያው የማራገቢያው አየር ነው። ያቺ ትንሽ ፊውዝ የተቀመጠችው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን እንድትቆርጥ ነው። በሽቦ ካለፋችኋት ሂተሩ ይነፍሳል፣ እሰየው ያሰኛል፤ ግን ሙቀቱን የሚያቆመው የለም። ፕላስቲኩ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ሪዚስተሩን በአዲስ ቀይሩት። አብዛኛውን ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ ኪስ ጀርባ ታገኙታላችሁ። ሶኬቱን ሳታዩ ግን እንዳትገጥሙ። አንዷ ቀዳዳ ጠቁራ ወይም ቀልጣ ከሆነ ሶኬቱም ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱም አይከርምም። ማራገቢያውን በእጅ አዙሩት። ከያዘ ወይም ከጮኸ ሞተሩ ከልክ በላይ ከረንት እየሳበ ሊሆን ይችላል። በአቧራ የታፈነ የመኪናው የውስጥ አየር ፊልተርም ሪዚስተሩን ያቃጥላል፤ ይሄን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አውቶማቲክ ሂተር ባላቸው መኪኖች ብዙውን ጊዜ በሪዚስተር ፋንታ የኤሌክትሮኒክስ ሞጁል ስላለ ይህ ምርመራ አይሠራም።