ለነጋድራስ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ አልተሰጠውም፤ መዝገብ ቤት መብራት ጠፍቷል
ጉዳዩ፦ የሹመት ደስታ መግለጫን ይመለከታል

ይድረስ ለተከበሩ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»
ጎንደር፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በየባንኮኒው

ጤና ይስጥልን ነጋድራስ! ሹመትዎ ገና አልታወጀም፤ ቢሆንም ከአሁኑ በማዕረግዎ ልንጠራዎ ወደድን፤ ኋላ ደጅ የሚጠናው ሲበዛ መግቢያም አይገኝ። ወሬው እንዲህ ነው። የገቢ ግብር የሚባለው ጨርሶ ይቅር፣ ከደመወዝም ከትርፍም አንዲት ሳንቲም አትቆረጥ፣ በምትኩ ሰው ሱቅ ገብቶ ሲገዛ ብቻ አንድ የሽያጭ ታክስ ይክፈል። ሐሳቡ የአሜሪካኖች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኮንግረሳቸው ቀረበ፣ ከዚያም ወዲህ እየደጋገመ ቀረበ፣ እስከ ዛሬ አልጸደቀም። ጎንደር ላይ ግን ቡናው በረካ ሳይደርስ ይጸድቃል።

እንግዲህ ይህ ከሆነ የአገር ካዝና በሙሉ በእርስዎ አፍ ሊያልፍ ነው። በድሮው ጎንደር ነጋድራስ ማለት የነጋዴው አለቃ፣ የቀረጡም ኃላፊ ነበር። እርስዎ በቅሎም ጋሻ ጃግሬም አያሻዎትም፤ ካልኩሌተር ይበቃዎታል። ሹመት ያዳብር!

አሠራርዎን ላላየ እንንገር። አራዳ አንድ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠየቃል። ባለሱቁ 6,000 ብሎ ይጫናል፣ 15 በመቶ ቫት (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ለመጨመር በ1.15 ያባዛል፣ ካልኩሌተሩን ዞር አድርጎ ያሳያል፦ 6,900። ገዢዋ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ይሄኔ እርስዎ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ብቅ ይላሉ፦ «እትዬ፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ቁጥሩ ይሰረዛል፣ ሌላ ይጻፋል፦ 6,300። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ጣት ብቻ ነው የሠራው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ እዚያው አጠገብ ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦለት፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቷል። ለምን አይሠራም የሚል ደፋር ከተገኘ «ኔትወርክ የለም»፣ «ወረቀት አልቋል» እና «ተበላሽቷል» የሚባሉት ሦስት አሽከሮችዎ በተራ ይመልሳሉ።

አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ እስካሁን የሚበሉት ጅራቱን ነው። የዚያን ምጣድ ሂሳብ ከሥሩ ይዩት። አምራቹ (የጥሬ ዕቃውን ለጊዜው እንተወውና) ለጅምላ ነጋዴው በ4,000 ሲሸጥ 600 ብር ቫት ተቀብሎ ገቢ ያደርጋል። ጅምላ ነጋዴው በ5,000 ሲሸጥ 750 ይሰበስባል፤ ቀድሞ የከፈለውን 600 ቀንሶ 150 ያስገባል። ቸርቻሪው በ6,000 ሲሸጥ 900 ሰብስቦ 750ውን ያቀናንስና እሱም 150 ያስገባል። ስለዚህ እርስዎ መጨረሻው ባንኮኒ ላይ ብቻ ቢነሡ መንግሥት ከቫቱ የሚያጣው 150 ብር ነው። ሰባት መቶ ሃምሳው ቀድሞዎት ገብቷል።

ቸርቻሪውስ ምን አገኘ? ምጣዱን ከነቫቱ በ5,750 ገዝቶ በ6,300 ሲሸጥ 550 ብር ይቀረዋል፤ በደረሰኝ ቢሸጥ 1,000 ነበር። የከሰረ ይመስላል፤ አልከሰረም። አንደኛ፣ ያ ሽያጭ በመዝገብ ላይ ስለሌለ የትርፍ ግብሩ አያገኘው። ሁለተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱም ከመጋዘን ሲገዛ እርስዎን ተገናኝቷል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው በደረሰኝ ልሽጥ ቢል የሚያቀናንሰው ቫት በእጁ ስለሌለ 900ውን እንዳለ ማስገባት ሊኖርበት ነው። ለዚህ ነው አንዴ ጅምላ መጋዘን ከገቡ እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ሳይወርዱ የማይቀሩት። የአጎትዎን ልጅም እናውቀዋለን፤ እርስዎ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ሲሸጡ እሱ ደረሰኝ ያለ ዕቃ ይሸጣል።

የአዲሱ ሐሳብ ደጋፊዎች አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፤ አንክድም። የትርፍ ግብር ከቀረ ትርፍን መደበቅ ትርጉም ያጣል፣ ከሥራዎም ግማሹ ይቀራል። ግን ሌላው ግማሽ ምን እንደሚሆን ተመልከቱልን። የሽያጭ ታክስ እንደ ቫት በየደረጃው አይሰበሰብም፤ አምራቹም ጅምላውም ባዶ እጃቸውን ያሳልፉታል፣ ሁሉም የመጨረሻው ባንኮኒ ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካኖቹን 30 በመቶ እንዋስ፤ በ6,000 ብር ምጣድ ላይ 1,800 ብር ነው። ቀድሞ የገባ ምንም የለም። ትናንት 150 ብር ይዘው ይሮጡ የነበሩት ሰውዬ 1,800 ይዘው ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እርስዎ የሚቆጭዎት አይመስለንም።

ልጅም ይወልዳሉ። ለንግድ የሚገዛ ዕቃ ታክስ ስለማይከፈልበት ባለሱቁ ሁሉ «ለቤት ነው ለንግድ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ያቺው ምጣድ ገዢ ጠዋት ለቤቷ ትጋግራለች፣ ከሰዓት ለጎረቤት ሆቴል እንጀራ ትሸጣለች። ምጣዱ አንድ ነው፤ ታክሱ እስከ ስንት እንጀራ ነው? መልሱ እንደማይጠፋት እናውቃለን፦ «ለንግድ ነው»። የሠርግ ድግስ በሬም ለንግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የቁጥር ነገር። አሜሪካኖቹ በወረቀታቸው 23 በመቶ ነው የሚሉት። ሰው 100 ሲከፍል 77ቱ ለሻጭ፣ 23ቱ ለመንግሥት ነው ማለታቸው ነው። እኛ እንደለመድነው በዕቃው ዋጋ ላይ ሲሰላ 23 ለ77 ተካፍሎ ወደ 30 ይጠጋል። በእነሱ አቆጣጠር የእኛም 15 በመቶ 13.04 ነው። ይህን ያልለየ ባለሱቅ 6,900ን ይዞ ቫቱን ላውጣ ሲል ለ1.15 እንደማካፈል 15 በመቶ ይቀንሳል፤ 5,865 ይወጣለትና 135 ብር የት ገባች እያለ ሲፈልግ ይመሻል። የሽያጭ ታክስን አገራችን አታውቀውም እንዳይባልም፣ ቫት በ1995 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተካው እሱኑ ነው።

ደመወዝተኛው ግን ይጸልይልዎታል። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው፤ 10,000 ብር የሚያገኝ 1,650 ብር ይቆረጥበታል፣ 700 ደግሞ ለጡረታ። እሱን ማንም «ከግብር ጋር ነው ያለ ግብር?» ብሎት አያውቅም፤ ብሩን ሳያየው ፔሮሉ ላይ አልቋል። የቀረውን 7,650 በሙሉ ቫት ያለበት ዕቃ ቢገዛበት 998 ብር ይጨምራል፤ በድምሩ 2,648። ግብሩ ቀርቶ 30 በመቶ የሽያጭ ታክስ ቢሆንለትና ከጡረታ የተረፈውን 9,300 እንዲሁ ቢያጠፋው ወደ 2,146 ይወርድለታል። በ2,000 ብር የምትሠራዋ የጽዳት ሠራተኛ ዛሬ ግብር የለባትም። ከጡረታ በኋላ 1,860 ብሯን እንዲሁ ብታጠፋው ቫቷ 243 ብር ነው፤ በአዲሱ 429 ይሆናል። ለዚህ አሜሪካኖቹ መላ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ለሀብታምም ለድሃም፣ እስከ ድህነት ወለሉ ላለው ወጪ የሚሆነውን ታክስ በየወሩ አስቀድመው ሊሰጡ። ገንዘቡ ከቤተሰብ ብዛት ጋር ያድጋል። ጎንደር ላይ ይህ ቆጠራ ሲደረግ ለጥምቀት የመጣ የአክስት ልጅ ሁሉ እስከ ፋሲካ አይሄድም።

ደረሰኝ የሚወስድም አለ እኮ፤ አይናቁት። የመሥሪያ ቤት ግዢ ነው። በእጅ የተጻፈውን አባሪ ብቻ ይዞ እንዳይሄድ፣ የማሽኑ ደረሰኝ ካልተያያዘበት ዋጋ እንደሌለው እዚያው ላይ ታትሟል። ሲያያይዝም በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ ያነሣዋል፤ የማሽን ወረቀት ቀለም ሳይሆን ሙቀት ነው የሚጽፍበት፣ ከሰል አጠገብ ካስቀመጡት ይጠቁራል፣ ኪስ ውስጥ ከከረመ ይነጣል። ኦዲተር ሲመጣ ባዶ ወረቀት ነው የሚቆጥረው።

ምጣዷን እንዳንረሳት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። በፌስታል ጠቅልላ፣ በባጃጅ ጭና አራዳ ትመለሳለች። ባለሱቁ ተነሥቶ ይቀበላታል፣ ምጣዱን ያገላብጣል፣ አዝኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ዓይን ዓይኗን እያየ፦ «እትዬ፣ ደረሰኝ ይዘዋል?»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለካሽ ሬጅስተር ማሽኑ፣ ከዳንቴሉ ሥር
ለ«ኔትወርክ የለም»፣ ኔትወርክ ሲመጣ