ካሽ ሬጅስተሩ የሚሠራው ለማን ነው?

ከምሽቱ 2፡30 ሲሆን አክስቴ የሱቋን በር እስከ ግማሽ አውርዳ ሒሳብ ትዘጋለች። መጀመሪያ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ዜድ፣ ማለትም የቀኑን መዝጊያ ሪፖርት፣ ታወጣለች። ማሽኑ እየተንጫረረ ረዘም ያለ ወረቀት ይተፋል፤ የቀኑ ሽያጭ፣ ቫት ያለበት፣ ቫት የሌለበት፣ የቫቱ መጠን፣ የዜድ ቁጥር። አታነበውም። አጥፋ ከትናንቱ ዜድ ጋር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትከተዋለች። ቀጥላ ስልኳን ታነሳና በቴሌብርና በባንክ የገባውን አንድ በአንድ በካልኩሌተር ትደምራለች። በመጨረሻ ከመሳቢያው ሥር ባለ 50 ሉክ ደብተሯ ይወጣል። ዱቤ የወሰደው ሰው፣ ያለቀው ዕቃ፣ ለአከፋፋይ የሚከፈለው፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው።

አንድ ቀን ለምን ሦስቱን አንድ ላይ እንደማታደርጋቸው ብጠይቃት ማሽኑን በአገጯ አመለከተችኝ። «እሱ የእነሱ ነው» አለችኝ፣ የግብር ሰዎቹን ማለቷ ነው፤ ደብተሩን መታ መታ አድርጋም «የእኔ ይሄ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳቧን የማግዛት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ እያደር ከነከነኝ። አንድ ሳሙና ተሸጠ ብሎ ሦስት ቦታ መመዝገብ፣ ያውም ሦስቱ ሳይተዋወቁ፣ ድካም ብቻ አይደለም። ስለ ደረሰኝ በየጊዜው የሚነሳው ጭቅጭቅ ሥሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ማሽኑ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ እንጂ ለባለሱቁ አንዳች ነገር አይሠራለትም።

እኛ ዘንድ «ፖስ» ሲባል ሰው የሚያስበው ባንኮች ለሱቅና ለሆቴል የሚሰጡትን የካርድ ማሽን ብቻ ነው። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ሽያጩ የሚፈጸምበት ቦታ ላይ ያለውን ሥርዓት በሙሉ የሚጠራ ነው። ዕቃው ሲነሳ፣ ዋጋው ሲወጣ፣ ገንዘቡ ሲከፈል፣ ደረሰኙ ሲቆረጥ፣ ከመጋዘን ሲቀነስ፣ ሁሉም በአንድ ምት።

እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ካሸሯ ዕቃውን በስካነሩ ፊት ስታሳልፈው «ጢ» የሚለው ድምፅ ዋጋ ያነበበ ይመስለናል። ባርኮዱ ላይ ዋጋ የለም፤ ያለው ቁጥር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 13 አሃዝ፤ የመጨረሻዋ አሃዝ የቀሩት በትክክል መነበባቸውን ለማጣራት የተቀመጠች ናት። ዋጋው ያለው የሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ 95 ብር ተለጥፎ ካሸሯ ጋ 110 ሲመጣ ማሽኑ ተሳስቶ ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዋጋ የለወጠው ሰው መደርደሪያው ድረስ መሄድ ሰንፎ ነው። ቲማቲም መዝነው የሚለጥፏት ወረቀትስ? ብዙውን ጊዜ በ2 የሚጀምር ኮድ አለባት፤ እሱ ሱቁ ለራሱ ብቻ የሚያወጣው ቁጥር ነው፣ ክብደቱ ወይም ሒሳቡ እዚያው ውስጥ ተጽፏል። ሽያጩ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ከክምችቱ ይቀንሳል፣ ከዚያም ሒሳቡን የግብር ደረሰኙን ወደሚያትመው ፊስካል ፕሪንተር ይልከዋል። ሥራ አስኪያጁ ማታ የትኛው ዱቄት እንዳለቀ፣ የትኛው እርጎ ሳይሸጥ ቀኑ ሊያልፍ እንደሆነ ያያል። የግብሩ ወረቀት እግረ መንገዱን የሚወጣ ነገር ይሆናል።

አክስቴ ዘንድ ግን ያለው የግብሩ ወረቀት ብቻ ነው።

የሚገርመው ይህ መሣሪያ ሲፈጠር ከግብር ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ፣ ጄምስ ሪቲ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ሠራተኞቹ ከሽያጩ ላይ እየቀነሱ ወደ ኪሳቸው ሲከቱበት ቢቸግረው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ፈለሰፈው። ስሙንም «የማይጭበረበረው ገንዘብ ያዥ» አለው። ባርኮድም ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቅ የተነበበው እዚያው ኦሃዮ፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974፣ አንድ ፓኮ የሪግሊ ማስቲካ ላይ። ሁለቱም የመጡት ባለሱቁ ስለቸገረው ነው። አንዱ ገንዘቡን የሚያይበት ዓይን ፈልጎ፣ ሌላው ሰልፍ እንዲያጥርለትና ዕቃውን እንዲቆጥርለት።

ወደ እኛ ሲመጣ በሌላ በር ነው የገባው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታውጆ በ1995 ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ነጋዴው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲጠቀም አስገደደ። ማሽኑ ውስጥ የማይሰረዝ ፊስካል ሜሞሪ አለ፣ አካሉ ታሽጓል፣ የራሱ የምዝገባ ቁጥር አለው፣ የሽያጩን ሪፖርት በሲም ካርድ ወደ ታክስ ባለሥልጣኑ ይልካል። ከፍላ የገዛችው አክስቴ ናት። ግን ልትከፍተው አትችልም፣ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ ልታዛውረው አትችልም፣ ሲበላሽ ቶሎ ካላሳወቀች ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ወረቀት ሲነክስ እንኳ የምትደውለው ለተፈቀደለት ባለሙያ ነው። ከመንግሥት ዓይን ሲታይ ትክክል ነው፤ እንደ ልብ የሚሰረዝ ማሽን ምኑን ይቆጣጠራል? በባለሱቅ ዓይን ግን ቤቷ ውስጥ የተቀመጠ፣ ቀለቡን እሷ የምትችልለት የሌላ ሰው ዘበኛ ነው።

አምና የምታግዛት ልጅ 1,450 ብር መምታት ሲገባት አንድ ዜሮ ጨምራ 14,500 መታች። ወረቀቱ ወጣ፣ አለቀ። ስህተቱን ለማስተካከል ተመላሽ መሥራት፣ የተሳሳተውን ደረሰኝ ማያያዝ፣ መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። አሠራሩ አለ። እኛ ግን ደንበኛው «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ የተሳሳተውን ይዞ እንዳይሄድ በር ላይ ቆመን ስንለምነው ቆየን። ደግ ሰው ሆኖ መለሰልን። አክስቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ማሽኑን ስትነካ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሰው የሚፈራውን መሣሪያ በትክክል አይጠቀምበትም፤ ባይነካው ይመርጣል።

ሌላም አለ። ዕቃ በዕቃ ማሽኑ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ግን ጊዜና ባለሙያ ስለሚጠይቅ በየትንንሹ ሱቅ የምታዩት ደረሰኝ «ሸቀጥ» ወይም «ልዩ ልዩ» ይላል። ዜዱ ዛሬ 18,000 ብር እንደተሸጠ ይናገራል። ምን እንደተሸጠ አያውቅም። ነገ ምን መግዛት እንዳለባት የማይነግራትን ወረቀት ለምን ታንብበው?

«ነጋዴው ግብር ሊደብቅ ስለሚፈልግ ነው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ውሸትም አይደለም። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣባቸው ሱቆች አሉ፣ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ «ያለ» ብለን ቅናሿን ይዘን የምንወጣውም እኛው ነን። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አክስቴ አንድ ካርቶን ሳሙና በ2,000 ብርና በ300 ብር ቫት፣ ማለትም በ2,300 ገዛች እንበል። በ2,200 እና በ330 ቫት፣ በጠቅላላው በ2,530 ሸጠችው። ከሰበሰበችው 330 ላይ ስትገዛ የከፈለችውን 300 ቀንሳ 30 ብር ለመንግሥት ታስገባለች። 200 ብር ይቀራታል። ቫት እንዲህ ሰንሰለት ሆኖ ነው የታሰበው፤ እያንዳንዱ በጨመረው ዋጋ ላይ ብቻ ይከፍላል።

አሁን ጅምላ አከፋፋዩ «ደረሰኝ የለም፣ ግን በ2,200 ውሰጂው» አላት እንበል። እሷ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሆና በዚያው በ2,530 ደረሰኝ ቆርጣ ሸጠች። የምታቀናንሰው የግዢ ደረሰኝ ስለሌላት 330ውን በሙሉ ትከፍላለች። 2,530 ሲቀነስ 2,200 ሲቀነስ 330፤ ዜሮ። ሳምንቱን ሙሉ ቆማ የዋለችው በነፃ ነው። ያለ ደረሰኝ ብትሸጠውስ? 330 ብር ኪሷ ይገባል። በዚህ ላይ የገቢ ግብር ሲሰላ ያለ ደረሰኝ የገዛችው ወጪ ሆኖ አይያዝላትም። በኅዳር 2017 መርካቶ ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ ሱቆች ተዘግተው የነበረ ጊዜ ብዙ ቸርቻሪዎች ያነሱት ይሄንኑ ነበር፤ እኛን ደረሰኝ ቁረጡ የምትሉን፣ ለእኛ ማን ቆረጠልን? ቁጥጥሩ መጨረሻው ቀለበት ላይ ሲበረታ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ከላይ ነው።

የክፍያው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ የሰፈራችን ሰው ብር መያዝ ትቷል። ጥሩ። ግን ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ሆና ደንበኛው የስልኩን ስክሪን ሲያሳያት ገንዘቡ መግባቱን የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ መልእክቱ የሚመጣው በአክስቴ ስልክ ነው። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ብትሆን፣ ለቅሶ ላይ ብትሆን፣ «እትዬ፣ 640 ገባ?» ተብሎ ይደወልላታል። ተቀናብሮ የተሠራ ስክሪን አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሄደም አለ። ካሽ ሬጅስተሩ ስለዚህ ሁሉ ምንም አያውቅም፤ ልጅቷ «ጥሬ ገንዘብ» የሚለውን ተጭና ታልፋለች።

በዋሽንግተን አካባቢ አነስተኛ ግሮሰሪ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ሽያጩን አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ ያያል፤ የሽያጭ ታክሱንም ከዚያው መዝገብ አውጥቶ ያሳውቃል። የሚማረርበት ሌላ ነው፣ ካርድ በተመታ ቁጥር ስለሚቆረጥበት። ማሽኑ ግን የራሱ ነው። አገሩ ባለጠጋ ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ያየሁት የሥርዓቱን አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ ባለሱቁን አገለገለ፣ ግብሩ ከዚያ ወጣ።

የገቢዎች ሚኒስቴር ደረሰኝን ወደ ኤሌክትሮኒክ ለማዞር ጀምሯል። የምፈራው የድሮውን ማሽን በስልክ መልክ ደግሞ እንዳናመጣው ነው። ወደ ሚኒስቴሩ ሰርቨር የሚሄደው መረጃ ለባለሱቋም ተመልሶ ይምጣላት፤ ዛሬ ከየትኛው ዕቃ ስንት እንደተሸጠ፣ ስንት እንደቀረ፣ ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር። በቴሌብርም ሆነ በባንክ የተከፈለው ከደረሰኙ ጋር እዚያው ይገናኝ፣ ልጅቷ ለቅሶ ቤት አትደውል። ዱቤ የሚመዘገብበት ቦታ ይኑረው፤ የእኛ አገር ሱቅ ያለ ዱቤ አይሄድም፣ ዱቤ የማያውቅ ሶፍትዌር ደግሞ ደብተሩን አያስቀረውም። በስህተት የተመታ ቁጥር ምክንያቱ ተጽፎበት፣ አሻራው ሳይጠፋ በደቂቃ ይታረም። አስገዳጅነቱም ከአስመጪውና ከጅምላ አከፋፋዩ ጀምሮ ወደ ታች ይውረድ፤ አክስቴ የምትገዛው በኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ከሆነ ካርቶኑ ሱቋ ሲገባ ሥርዓቱ ውስጥ ቀድሞ ተመዝግቧል፣ እንደገና መጻፍ አይጠበቅባትም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት የሱቅ ሶፍትዌር ሊሸጥላት መጥቶ ነበር። ታብሌቱን እያሳየ ስለ ሪፖርትና ስለ ግራፍ ብዙ ነገራት፣ እሷም በትዕግሥት አዳመጠችው። ሲጨርስ «እንደው ልጄ፣ የእነ እማማን ዱቤ ይይዝልኛል?» አለችው። «እሱ በሚቀጥለው እትም ይጨመራል» አላት። ሻይ አስመጥታ ሸኘችው።