አራስ እናት አትጸልይም የሚባለው ስሕተት ነው

እህቴ፣ «አራስ እናት ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ጸሎት አይፈቀድላትም» ያልሽው በየቤቱ ይነገራል እንጂ ልክ አይደለም። በዘሌዋውያን 12 መሠረት ወንድ ለወለደች 40፣ ሴት ለወለደች 80 ቀን የተከለከለው መቅደስ መግባትና የተቀደሰውን መንካት ነው። የቤት ጸሎት ማን ከለከላት?

ስግደቱ ይቆይ፣ ወገቧ ገና አልጠናም፤ ተቀምጣ ትጸልይ። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት እንደ ድሮው ሁሉንም ለማድረስ ሲሞክሩ ሕፃኑ መሐል ላይ እያለቀሰ ስለሚያቋርጣቸው ነው። ውዳሴ ማርያም በ7ቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ትያዝ። እሱም ካልሆነላት፣ ሌሊት ለማጥባት በተነሣች ቁጥር አማትባ አባታችን ሆይንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን በቃሏ ትበል፤ ይህ እኮ ትልቅ ጸሎት ነው! ካቋረጠች ሕፃኑ ሲተኛ ካቆመችበት ትቀጥል፤ ከመጀመሪያው ካላልኩ ብላ አትጨነቅ።