ውዳሴ ቀፎ

የአዲስ አበባ ሰው ስልክ መግዛት አያውቅበትም እያሉ የሚያሙትን ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ዛሬ ግን ዝምታው ግፍ ስለሆነብኝ ላወድሰው ተነሥቻለሁ። በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፤ ጤፍ የምትሸምት ባልቴት ከጆንያው ዘግና በመዳፏ ታሸዋለች፤ ጫማ የሚገዛ ሰው እንኳን ሱቁ ውስጥ ሁለት እርምጃ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ የጠባብ ልብ ምልክት ነው። የእኛ ሰው ግን የበሬ ዋጋ የሚያወጣ ቀፎ ምን እንደሚሠራለት ሳይጠይቅ፣ ድምፁን ሳይሰማ፣ ጀርባውን ብቻ አይቶ የወራት ደመወዙን ቆጥሮ ያስረክባል። እንዲህ ያለ እምነት በየትኛውም በረንዳ ገበያ ላይ አይገኝም።

ጀርባውን ማለቴ በስሕተት አይደለም። የስልክ ፊት የባለቤቱ ብቻ ነው፤ መልእክት የሚያነብበት፣ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ የሚተክዝበት የግል ጓዳው ነው። ጀርባው ግን የሕዝብ ነው። ባለቤቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲለጥፍ ጀርባውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ፎቶ ሲያነሣም የገዛ ፊቱን ግማሽ ሸፍኖ ጀርባውን ለዓለም ያሳያል። እንግዲህ ራሱ ለማያየው ነገር፣ ለጎረቤቱ ዓይን ሲል ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ሰው መንገድ ዳር ዛፍ ከሚተክል በጎ አድራጊ በምን ያንሳል? ቦሌ አካባቢ ከሚገኙት ማኪያቶ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ የጠረጴዛውን ሥርዓት ተመልከቱ። ስልኩ በደረቱ ተደፍቷል፤ ካሜራዎቹ ጣሪያው ላይ አፍጥጠዋል፤ አስተናጋጇ ስኒውን የምታሳርፍበት ቦታ አጥታ ስትዞር ስኳሩ ይነሣል፣ ውኃው ይነሣል፣ ስልኩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር እቁብ ደረሰው። «ጋሼ፣ ስልክ ልገዛ ነውና አብረኸኝ ሂድ» ሲለኝ የልጁን ኑሮ ስለማውቅ ከቤት ሳልወጣ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጻፍሁለት። ልጁ መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ ቤት ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ቆርቆሮና ስለ ብረት ዋጋ በስልክ ይነጋገራል። ቤቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፣ ከመሸ ይገባል፤ ሲገባም መብራት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ቁጥር ስላወጣ ሁለት ሲም አለው። ስለዚህ ወረቀቴ ላይ ያሰፈርሁት አራት ነገር ብቻ ነበር፦ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆይ ባትሪ፣ ሁለት የሲም ማስገቢያ፣ በቆርቆሮ ተራ ጩኸት መካከል የሚሰማ ድምፅ፣ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ የማይሞት መስታወት። አሁን ሳስበው ምን ያህል ጨለምተኛ እንደነበርሁ ይገርመኛል።

ሻጩ ልጅ ወረቀቱን ሳነብለት የታመመ ሰው እንደሚያዳምጥ ሐኪም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝና «ፋዘር፣ ይሄማ ድሮ ቀረ» አለኝ። ከዚያም ወደ ልጁ ዞሮ በንግዱ ዓለም የሚጠየቀውን ብቸኛ ጥያቄ ጠየቀ። «ባለ ስንት ዓይን ይሁንልህ?» ዓይን ያለው የጀርባውን ካሜራ ነው። ልጁ «ሦስት» አለ። «ፓክድ ነው ወይስ ስላይትሊ?» ሲለው ደግሞ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ነው ወይስ ትንሽ የተሠራበት ማለቱ ነው፣ እጁ ላይ ያለውን ገንዘብ በሐሳቡ ቆጠረና «ስላይትሊ፣ ግን ጀርባው ያልተጫረ» ሲል መለሰ። የድሮ ስልኩን አስረከበ፣ ከእቁቡ ላይ ጭማሪውን ከፈለ፣ አለቀ። ከሰላምታ እስከ ክፍያ አንድ ስኒ ቡና ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳን አልፈጀም። ፈትሾ የሚገዛ ሰው እንዴት ጊዜውን እንደሚያባክን የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ፍተሻ አልተደረገም ብዬ ግን አልዋሽም፤ ካቨር በመምረጥ አርባ ደቂቃ አለፈ። ጥቁሩ ጠንካራ ነበር፤ ስልኩን ከውድቀት እንደሚያድነው ሻጩ መሬት ላይ ጥሎ አሳየን። ጥፋቱ ጀርባውን መሸፈኑ ነበር። ስለዚህ የካሜራውን ዙሪያና የአምራቹን ምልክት ወለል አድርጎ የሚያሳይ፣ እንደ ፌስታል ስስ የሆነ ነጭ ካቨር ተመረጠ። ለፊቱ መስታወት ሻጩ ያገኘውን ግላስ ለጠፈበት፤ ማንም አላየውም።

ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ስልክ የሚጠብቁት ወገኖቻችን ደግሞ የተለየ ምስጋና ይገባቸዋል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለች አክስት ሻንጣዋን ስትፈታ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ሳጥን አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚወጡት አዳዲስ አይፎኖች የፕላስቲክ ሲም የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም፤ በወር ክፍያ የተገዛውም ብዙውን ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው አገር ላለው የስልክ ኩባንያ ተቆልፎ ይቆያል። ተርታው ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ በምን ልደውል?» ብሎ ይደነግጣል። አስተዋዩ ግን አይደነግጥም፤ እንዲህ የተቆለፈ ስልክ ማንም ደውሎ የማይጨቀጭቀው፣ አበዳሪም አለቃም የማይደርስበት ንጹሕ ጀርባ መሆኑን ያውቃል። ለመደወያ ሌላ ስልክ ይይዛል፤ ስለሱ ኋላ እመለስበታለሁ። አምራቹ አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 በአይፎን 12 ሳጥን ውስጥ ቻርጀሩን ሲያስቀርም በሌላው ዓለም ያማረሩ ነበሩ፤ የእኛ ሰው ግን እጦቱን እንደ ማዕረግ ቆጥሮ አስፋልት ዳር ከተዘረጋ ሸራ ላይ ቻርጀር ገዝቶ ሰካ፤ ስለ ዋስትናው አንድም ቃል አልጠየቀም።

ስለ አቅሙ ብናገር ደግሞ አፌ አይዘጋም። 48 ሜጋፒክስል የሚያነሣ ካሜራ በአብዛኛው የባንክ ደረሰኝና የቀበሌ መታወቂያ ያነሣል፤ የሠርግ ፎቶ ያነሣ እንደሆነም በቴሌግራም ሲላክ ተጨምቆ አንሶ ይደርሳል። 5ጂ የሚይዘው ቀፎ ፓኬጁ እንዳያልቅ ዳታው ተዘግቶ ይውላል፤ ባለቤቱ ዋይፋይ ያለበትን ካፌ ከሩቅ በማወቅ ችሎታው ንብ አበባ ከምታገኝበት አያንስም። ውኃ ውስጥ ወድቆ የማይበላሽ መሆኑም ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እጅግ የሚያስፈልግ ጥበቃ ነው።

ይህ ጥበብ ዛሬ የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቀፎው ቀበቶ ላይ በቆዳ ማኅደር ይታጠቅ ነበር፤ ኮት የለበሰ ሰው ሙቀት ባይኖርም የኮቱን ጫፍ ወደ ኋላ ገለጥ ያደርግ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። መሐል ላይ ግን አንድ ክፉ ዘመን አለፈ። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1100 የተባለ ስልክ፣ አናቱ ላይ ባትሪ መብራት ተሰክቶበት፣ ቁልፎቹ በአቧራ መከላከያ ጎማ ተሸፍነው፣ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ሚኒስትሩም እረኛውም አንድ ዓይነት ስልክ ያዙ። ስልክ ለመደወልና ጨለማ ለመሻገር ብቻ የሚያገለግልበት፣ ጀርባውን ዞር ብሎ የሚያይ የጠፋበት ያ ዘመን እንዳይመለስ ብዙ ሰው ብዙ ደመወዝ ሰውቷል።

አንድ ነገር ብቻ ግራ እንደሚያጋባኝ ልደብቅ አልችልም። ይህ ለዕይታ የተገዛ ስልክ ብዙ ዓይን ያለበት ቦታ ላይ አይወጣም። ማታ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙ፤ እንደ ዳመራ ሌሊት ሰው ተጨናንቋል፤ ለአንድ ጀርባ ከዚህ የበለጠ ተመልካች ከየት ይመጣል? እዚያ ግን የስልኩ መኖሪያ ካልሲ ነው፣ የጡት ማስያዣ ነው፣ ደረት ላይ የተሸጎጠ ቦርሳ ነው፤ ባለቤቱም ደረቱን በመዳፉ ደግፎ ልቡ እንደሚደክመው ሰው ቆሟል። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ጊዜ ከኪስ የምትወጣው ያቺ ሁለተኛዋ ስልክ ናት፤ ባለ ቁልፏ፣ ጥግዋ የተላላጠው፣ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረው። ማንም ሊነጥቃት አይፈልግም። ባትሪዋ ቀናትን ይቆያል፤ ሁለት ሲም ትይዛለች፤ ኤፍ ኤም ሬድዮ አላት፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ስለሚሠራ የዕድርና የመብራት ክፍያም ትፈጽማለች። ካርድ ሲያልቅም በ*807* «ደውልልኝ» ብላ ትለምናለች። ሥራውን በሙሉ የምትሠራው እሷ ናት፤ ማኪያቶ ቤት ስትደርስ ግን ከቦርሳ አትወጣም፤ ብትጠራም ባለቤቷ ድምፁ ከሌላ ጠረጴዛ የመጣ ይመስል ዞር ዞር ይላል። ሠራተኛዋን ጓዳ አስቀምጦ እመቤቲቱን ሳሎን ማስቀመጥን የመሰለ ጨዋነት ነው።

የእህቴ ልጅም ሳምንት ሳይሞላው ይህንኑ ጨዋነት ተማረ። አዲሱ ስልክ አንድ ሲም ብቻ የሚቀበል በመሆኑና ባትሪውም ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚደክመው፣ ሸራ ላይ ከተደረደሩት አንዷን ባለ ቁልፍ ገዝቶ ደንበኞቹን ወደ እሷ አዛወረ። «ይቺ ለሥራ ናት» አለኝ፤ ያኛዋ ለምን እንደሆነች አልጠየቅሁትም።

ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ መብራት ጠፋ። ስልኩ ዘጠኝ ከመቶ ላይ ነበር፤ «ጋሼ፣ የኔን እንዳልጨርስ ያንተን አብራልኝ» አለኝ። የእኔን አበራሁና ጃኬቱን ፈትሸን ቻርጀሩን አገኘን፤ ካገኘነው በኋላ መብራት አለመኖሩ ትዝ ስላለን እንደገና ተቀመጥን። ባትሪ ለመቆጠብ የእኔንም አጠፋሁት። በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ስኒዬን ፈልጌ እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ ሦስት ቀዝቃዛ ክቦች ነኩ። በደረቱ ደፍቶታል።